ካፊያ እንጂ ጉም አይሁን፦ በአገር ውስጥ ዕቃ የሚሠራ የቶርኖ ማቀዝቀዣና ፊዚክሱ

በካፋ ዞን እሸት ቡና በአብዛኛው የሚለቀመው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። በእርጥብ ዘዴ የሚዘጋጅ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ከነገለባው መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ዋጋውም ይወርዳል። በዚህ ወቅት የመፈልፈያው ዘንግ ቢሰበር ባለቡናው የሚቆጥረው ሰዓት እንጂ ቀን አይደለም። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ይምጣ ቢባል እስከ ቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። ስለዚህ የተሰበረው ዘንግ የሚወሰደው በቅርብ ወደሚገኝ ቶርኖ ቤት ይሆናል።

ቶርነኛው ክብ ብረት መርጦ መቁረጥ ሲጀምር ዋናው ባላጋራው ሙቀት ነው። መቁረጫው ይግላል፣ ስለቱ ይደነዝዛል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ መቁረጫው ወደ ሞረድ ይሄዳል፣ ተስሎም እንደገና ይታሰራል። ፓምፕ ያለው ቶርኖ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ያፈስበታል። ፓምፕ ለሌለው ወይም ፓምፑ ለተበላሸበት ግን የሚቀረው ውሃ በጣሳ ይዞ በብሩሽ መቀባት ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስተኛ መንገድ እንመለከታለን። እርሱም ጥቂት ፈሳሽን በአየር ኃይል በትኖ በስለቱ ላይ የሚያካፋ፣ በማንኛውም ደህና ቶርኖ ቤት ሊሠራ የሚችል ትንሽ መሣሪያ ነው። ዓላማችን አሠራሩን ማሳየት ብቻ አይደለም። የዚህ መሣሪያ ጥቅምም ጉዳትም የሚወሰነው በአንድ ነገር፣ ማለትም በጠብታው መጠን፣ መሆኑን ማስረዳት ጭምር ነው። የካፋ ሰው ካፊያንና ጉምን ለይቶ ያውቃል፤ ካፊያ ይወርዳል፣ ጉም ይንሳፈፋል። ቶርኖው የሚፈልገው ካፊያውን ነው።

ሙቀቱ የሚወለድበት ጠባብ ቦታ

ብረት ሲቆረጥ ሙቀት መፈጠሩ በፊዚክስ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1798 ካውንት ራምፎርድ በሚል ማዕረግ የሚታወቀው ቤንጃሚን ቶምፕሰን፣ በሙኒክ ከተማ መድፍ ሲቦረቦር ስለሚፈጠረው ሙቀት ያደረገውን ጥናት ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ራምፎርድ ሆን ብሎ የደነዘ መሰርሰሪያ ወሰደ፤ የሚቦረቦረውን ብረት ውሃ በተሞላ ሳጥን ውስጥ አደረገ፤ መዘውሩንም በፈረስ ጉልበት አስዞረ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ውሃው ያለ እሳት ፈላ። በዘመኑ ሙቀት ‹‹ካሎሪክ›› የሚባል፣ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው የሚፈስ ቁስ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ነገር ግን መሰርሰሪያው እስከዞረ ድረስ ሙቀቱ አላለቀም። ራምፎርድም ያለገደብ ሊወጣ የሚችል ነገር ቁስ ሊሆን እንደማይችልና ሙቀት የእንቅስቃሴ ዓይነት መሆኑን ደመደመ።

አሁን ወደ ቶርኗችን እንመለስና ቁጥሩን እናስላ። ዲያሜትሩ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ በደቂቃ 240 ጊዜ ቢዞር፣ የላይኛው ገጽ በመቁረጫው ፊት የሚያልፈው በደቂቃ 30 ሜትር በሚሆን ፍጥነት ነው። መቁረጫው 1 ሚሊ ሜትር ጠልቆ በያንዳንዱ ዙር 0.2 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢጓዝ፣ በሰከንድ 100 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ብረት ይላጣል። አንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ተራ ብረት ለመላጥ ወደ 3 ጁል የሚጠጋ ጉልበት ስለሚያስፈልግ፣ የምናወጣው ኃይል 300 ዋት ያህል ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ሦስት መቶ ዋት ብዙ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ኃይል አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። ልዩነቱ ያለው በቦታው ስፋት ላይ ነው። የምጣዱ ሙቀት ሰፊ ገጽ ላይ ይሰራጫል፤ የቶርኖው ሙቀት ግን የሚወለደው ፍቅፋቂውና ስለቱ በሚነካኩበት፣ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ ነው። ብረት ሲቆረጥ የዚህ ቦታ ሙቀት ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል። በቶርኖ ቤቶች የተለመደው ሃይ ስፒድ ስቲል ደግሞ 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል። እንግዲህ መቁረጫው የሚሠራው በሞቱ አፋፍ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን አፋፍ በቁጥር የገለጠው አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ቴይለር ነው። ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1907 በታተመው ጥናቱ የመቁረጥ ፍጥነትንና የስለትን ዕድሜ የሚያያይዝ ቀመር አቅርቧል። ፍጥነቱን V፣ የስለቱን ዕድሜ T ብንላቸው፣ V ሲባዛ በTⁿ ቋሚ ቁጥር ይሰጣል። ለሃይ ስፒድ ስቲል የn ዋጋ 0.125 ገደማ ነው። ውጤቱ አስገራሚ ነው፤ ፍጥነቱን በ10 ከመቶ ብቻ ብንጨምር የስለቱ ዕድሜ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ነገሩን ገልብጠን ስናየው ደግሞ፣ ከስለቱ ላይ ጥቂት ሙቀት ማንሳት ብንችል ዕድሜውን ብዙ እጥፍ ማርዘም እንችላለን።

ብዙ ውሃ ወይስ ጥቂት ጠብታ?

ይኸው ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በፊላዴልፊያ ከተማ ሚድቬል በተባለው የብረት ፋብሪካ ሲሠራ፣ ብዙ ውሃ በቀጥታ ፍቅፋቂው በሚለቀቅበት ቦታ ላይ ማፍሰስ የመቁረጥ ፍጥነትን ከ30 እስከ 40 ከመቶ ለማሳደግ እንደሚያስችል አረጋግጧል። ብረቱ እንዳይዝግም በውሃው ውስጥ የሶዳ ካርቦኔት ይሟሟበት ነበር። ጎርፍ የማፍሰስ ዘዴ እስከ ዛሬ በፋብሪካዎች የሚሠራበት ነው፤ ነገር ግን ፓምፕ፣ ገንዳ፣ ማጣሪያና በርካታ ሊትር ፈሳሽ ይፈልጋል።

ጥቂት ጠብታ ያንን ሥራ ሊሠራ ይችላልን? ከተፈጠረው ሙቀት አብዛኛው ከፍቅፋቂው ጋር ተጠቅልሎ ይሄዳል። በመቁረጫውና በዘንጉ የሚቀረው አንድ አምስተኛው ነው ብንል፣ ማንሳት ያለብን 60 ዋት ይሆናል። ውሃ በማፍሰስ ብቻ፣ ማለትም ውሃው በ10 ዲግሪ ሞቆ እንዲሄድ በማድረግ፣ ይህን ለማንሳት በደቂቃ 86 ግራም ውሃ በትክክል ሙቀቱ ካለበት ቦታ ማግኘት አለበት። ውሃው ከተነነ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 82 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ ውሃም የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ግራም ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪተን ድረስ 2,580 ጁል ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ለ60 ዋት የሚያስፈልገው በደቂቃ 1.4 ግራም ብቻ ነው፤ ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። ከአሥር ጠብታ ዘጠኙ ዒላማውን ቢስት እንኳ በደቂቃ 14 ግራም ይበቃል።

በዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ‹‹የካፋ አየር እርጥብ ስለሆነ ውሃው እንዴት ይተናል?›› የሚል ነው። ልብስ ሲደርቅ የአየሩ እርጥበት ወሳኝ ነው፤ በጋለ ብረት ላይ ግን አይደለም። በ20 ዲግሪ እርጥበት የጠገበ አየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ግፊት 2.3 ኪሎ ፓስካል ብቻ ሲሆን፣ በሚፈላ ጠብታ ገጽ ላይ ያለው ግን 82 ኪሎ ፓስካል ነው። ስለዚህ በክረምትም ሆነ በበጋ ስለቱ ላይ ያረፈው ጠብታ ይተናል። እርጥበቱ የሚያስቸግረው ዒላማውን በሳተው ጠብታ ላይ ነው፤ ያ ጠብታ ቶሎ ስለማይደርቅ የቶርኖውን አልጋ ያዝጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ምጣድ የሚያሰማ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ክስተት ይመለከታል። በጣም በጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲደረግ ወዲያው አይተንም፤ ኳስ ሆኖ ይንከባለላል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1756 የገለጸው ጀርመናዊው ሐኪም ላይደንፍሮስት ነው። ከጠብታው ሥር የሚፈጠረው ቀጭን የተን ንጣፍ ጠብታውን ከብረቱ ያርቀዋል፤ ተን ደግሞ ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም። ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ ውሃ በጋለ ስለት ላይ ብዙ የማይረዳው በዚህ ምክንያት ነው። በአየር ተገፍቶ በፍጥነት የሚመጣ ትንሽ ጠብታ ግን ንጣፉ ሳይፈጠር ወይም ጥሶት ብረቱን ይነካል። ከዚህም በላይ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ኳስ ቢሆን የገጹ ስፋት 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ዲያሜትራቸው 50 ማይክሮ ሜትር ወደሆኑ ጠብታዎች ብንበትነው ግን 15 ሚሊዮን ያህል ጠብታዎች ይሆናል፤ የገጻቸው ድምር ስፋትም ወደ 250 እጥፍ ያድጋል።

አየር ፈሳሽን የሚስበውና የሚበትነው እንዴት ነው?

የፍሊት መርጫን ያላየ ተማሪ አይኖርም። እጀታው ሲገፋ አየር በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል፤ ከቆርቆሮው የወጣችው ቀጭን ቱቦ ጫፏ በአየሩ መንገድ ላይ ስለሆነ ፈሳሹ ይሳባል። መሣሪያችን የዚሁ የፍሊት መርጫ ዘመድ ነው።

ይህን ለማስረዳት ‹‹አየር ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል›› ማለት የተለመደ ነው። አባባሉ ግን ማረም ያሻዋል። ከቀዳዳ ወጥቶ በነፃ የሚሮጥ አየር ግፊቱ ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስበቱ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። በቱቦዋ ጫፍ ዙሪያ የሚያልፈው አየር በፍጥነቱ የተነሣ ጫፏን ተከትሎ ሊታጠፍ አይችልም፤ ከጫፏ ፊት ያለውንም አየር እየጎተተ ይዞት ይሄዳል። በዚያ ስፍራ ባዶነት ቢጤ ይፈጠራል፤ ከጠርሙሱ ያለው የከባቢ አየር ግፊት ደግሞ ፈሳሹን ወደዚያ ይገፋዋል። ፈሳሽን በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው የግፊት ልዩነት 2 ኪሎ ፓስካል ብቻ ስለሆነ ይህ በቀላሉ ይገኛል።

ከቱቦዋ የወጣው ፈሳሽ የሚበታተነው በሁለት ኃይሎች ትግል ነው። የገጽ ውጥረት ጠብታውን አንድ አድርጎ ሊይዘው ይሞክራል፤ የአየሩ ምት ደግሞ ሊሰብረው ይታገላል። የሁለቱ ንጽጽር የቬበር ቁጥር ይባላል፤ ቁጥሩ ከ12 ገደማ ሲበልጥ ጠብታው ይሰበራል። ቀመሩ የአየር ጥግግት ሲባዛ በአንጻራዊ ፍጥነት ካሬ፣ ሲባዛ በጠብታው ዲያሜትር፣ ሲካፈል ለገጽ ውጥረት ነው። በቦንጋ የአየሩ ጥግግት በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 1 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በአየሩና በውሃው መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት በሰከንድ 50 ሜትር ቢሆን ሳይሰበር የሚቆየው ትልቁ ጠብታ 350 ማይክሮ ሜትር ይሆናል። በ100 ሜትር ወደ 86፣ በ200 ሜትር ወደ 22 ማይክሮ ሜትር ይወርዳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጠብታው ወደ ሩብ ያንሳል ማለት ነው። ከውሃ ጋር የሚቀላቀል የመቁረጫ ዘይት ሲጨመርበት የገጽ ውጥረቱ በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ ጠብታውም በዚያው ልክ ይደቃል። አንባቢ ይህን ያስተውል፤ ግፊት በጨመርን ቁጥር ካፊያው ወደ ጉም ይለወጣል።

አሠራሩ

የመሣሪያው ልብ አፍንጫው ነው። ዲያሜትሩ 12፣ ርዝመቱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ የናስ ዘንግ በቶርኖ ላይ ይታሰራል። ከኋላ በኩል በ5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይቦረቦራል፤ ከፊት 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር ይቆማል። የቀረው ግድግዳ በ2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይበሳል። ሁለቱም ቀዳዳዎች ዘንጉ ሳይፈታ በአንድ እስር መሠራት አለባቸው፤ አለበለዚያ መካከላቸው አንድ አይሆንም። ከጎን አየር የሚገባበት ቀዳዳ ተበስቶ ጥርስ ይወጣለታል፤ የኋላው አፍ ደግሞ በናስ ቡሽ ይዘጋል።

የፈሳሹ ቱቦ እንዲሆን የውጭ ዲያሜትሩ 1.27 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ቁጥር 18 የሚባል፣ ያልተሠራበት የእንስሳት መርፌ ተስማሚ ነው። ሹል ጫፉ በሞረድ ተቆርጦ ይደነዝዛል፣ ውስጡም ይጸዳል። መርፌው በቡሹ መካከል አልፎ፣ ከፊተኛው ቀዳዳ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ይለጠፋል። በመርፌውና በቀዳዳው ግድግዳ መካከል የሚቀረው የቀለበት ክፍተት 0.37 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አየሩ የሚወጣው በዚያ ነው። መርፌው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ካፊያው ጠማማ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመድረቁ በፊት በማጉያ መስታወት ማየት ይጠቅማል።

አየሩ እንደ ጎሚስታ ቤት ካለ ኮምፕሬሰር ሊመጣ ይችላል። ከኮምፕሬሰሩ ቀጥሎ የውሃ ማጥመጃ፣ የግፊት መቆጣጠሪያና መክፈቻ ይደረጋሉ። የውሃ ማጥመጃው በካፋ የግድ ነው። በ20 ዲግሪ እርጥበት የጠገበ አየር በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 17 ግራም ውሃ ስለሚይዝ፣ አየሩ ሲታመቅ አብዛኛው በታንከሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ታንከሩንም ከውስጥ ይበላዋል። በየቀኑ ማፍሰስ ያስፈልጋል። በዚህ አፍንጫ፣ በ0.5 ባር ግፊት፣ በደቂቃ የሚወጣው አየር 30 ሊትር ገደማ ነው። በቦንጋ ከፍታ ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር በባሕር ጠለል ከሚስበው በክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን አቅም እንዳለ መቁጠር አይገባም።

የፈሳሹ ጠርሙስ የአንድ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ሁለት ቀዳዳ ይኑረው፤ አንዱ ለቱቦው፣ ሁለተኛው ለከባቢ አየር። የቱቦው ጫፍ በደቃቅ ወንፊት ይሸፈን፤ በመንገዱም ላይ ፍሰቱን የሚያጠብ እንደ ግሉኮስ መስመር ያለ መቆንጠጫ ይደረግበት። ጠርሙሱ ከአፍንጫው ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከፍ ብሎ ቢቀመጥ አየሩ ሲዘጋም ፈሳሹ በራሱ ክብደት መውረዱን ይቀጥላል፤ ያደረ ቶርኖ በውሃ ተነክሮ ይገኛል። ዝቅ ካለ ግን አየሩ ሲቆም ፈሳሹም ይቆማል።

አንዳንድ ሰው ጠርሙሱን ራሱን በአየር አምቆ ፈሳሹን መግፋት ይፈልጋል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የመስታወትና አሮጌ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የቆርቆሮ ጣሳም ቢሆን፣ የታመቀ አየር እንዲይዝ የተሠራ አይደለም፤ ቢፈነዳ ዓይን ያጠፋል። የእኛ ንድፍ ስበትን የመረጠው ስለዚህ ነው፤ ጠርሙሱ ክፍት እንደሆነ ይኖራል።

አፍንጫው ከስለቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ማሽኑ ቆሞ ሳለ ይታሰር። አቅጣጫው ከፍቅፋቂው ጀርባ ሳይሆን ከሥር፣ ስለቱና ዘንጉ ወደሚገናኙበት ይሁን፤ ፍቅፋቂ ከላይ ሲመጣ እንደ ጃንጥላ ይከላከላልና። ሲጀመር አየሩ ቀድሞ ይከፈታል፤ ሲያበቃ ፈሳሹ ቀድሞ ይዘጋል። ፍሰቱን ለመለካት በጠርሙሱ ላይ በመርፌ ሲሪንጅ እየለኩ ምልክት ማድረግና በ10 ደቂቃ የቀነሰውን ማንበብ በቂ ነው። በደቂቃ 5 ሚሊ ሊትር ጥሩ መነሻ ነው። ግፊቱ ፈሳሹ በሚነሣበት ዝቅተኛ ደረጃ ይጀመርና ፍቅፋቂው እስኪገፋ ድረስ ብቻ ይጨመር፤ ከ1 ባር ማለፍ እምብዛም አያስፈልግም።

የመሣሪያውን ሥራ በፍቅፋቂው ቀለም መከታተል ይቻላል። ብረት ሲሞቅ በገጹ ላይ የሚፈጠረው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን በ220 ዲግሪ አካባቢ የገለባ ቢጫ፣ በ300 ዲግሪ አካባቢ ሰማያዊ ይሆናል። ያለ ካፊያ ሰማያዊ የነበረው ፍቅፋቂ በተመሳሳይ ፍጥነት ወደ ቢጫ ወይም ነጭ ከተመለሰ ካፊያው ዒላማውን አግኝቷል።

ምን ፈሳሽ?

ንጹሕ ውሃ በደንብ ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን አያለሰልስም፣ ያዝጋልም። የተለመደው መፍትሔ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል እንደ ወተት የሚነጣው የመቁረጫ ዘይት ነው። ለዚህ ሥራ 20 እጅ ውሃ ላይ 1 እጅ ዘይት ይበቃል፤ ዘይቱ በውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው በዘይቱ ላይ አይጨመርም።

የምግብ ዘይትስ? በዓለም ላይ ብዙ ፋብሪካዎች በሰዓት ጥቂት ሚሊ ሊትር የዕፅዋት ዘይት ብቻ እየረጩ ይቆርጣሉ። ዘይት ግን ብዙም ስለማይተን ሥራው ሰበቃን መቀነስ እንጂ ሙቀትን ማንሳት አይደለም። የኑግ ዘይት በአየር ውስጥ ሲቆይ እየተጣበቀ ስለሚደርቅ የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍናል። የጉሎ ዘይት ጥሩ ማለስለሻ ነው፤ ሆኖም ውፍረቱ ከውሃ 1,000 እጥፍ ያህል ስለሆነ እንዲህ ባለ ቀጭን ቱቦ ውስጥ አይሳብም። በብሩሽ መቀባት ይሻላል። ናፍጣ፣ ላምባና ቤንዚን በምንም ምክንያት መረጨት የለባቸውም፤ የተበተነ ነዳጅ ከአንድ የብረት ብልጭታ ይቀጣጠላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገሮችን ስለሚይዝ የተከለከለ ይሁን።

ጉሙ ወደ ሳንባ ሲገባ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። 50 ማይክሮ ሜትር የሆነ ጠብታ በረጋ አየር ውስጥ በሰከንድ 7.6 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ በ20 ሰከንድ ወለሉ ላይ ያርፋል። 5 ማይክሮ ሜትር የሆነው ግን መቶ እጥፍ ስለሚዘገይ ለዚያው መንገድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ሁሉ በሠራተኛው አፍንጫ ፊት ይንሳፈፋል። ከ10 ማይክሮ ሜትር በታች የሆኑ ጠብታዎች ደግሞ ጉሮሮን አልፈው ወደ ሳንባ መግባት ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ ሲተነፈሱ ሳልን፣ የአስም ሕመምንና የሳንባ ብግነትን ያመጣሉ።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክር፣ በሥራ ቀን ውስጥ በአማካይ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ከ0.5 ሚሊ ግራም የበለጠ የመቁረጫ ፈሳሽ ጉም እንዳይኖር አሳስቧል። ይህን በአንድ ቶርኖ ቤት ላይ እናውለው። ቤቱ 5 ሜትር በ6 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ቁመት ቢኖረው 90 ኪዩቢክ ሜትር አየር ይይዛል፤ ገደቡም 45 ሚሊ ግራም ይሆናል። አንድ የውሃ ጠብታ ያህል ማለት ነው! በውህዳችን አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ያህል ዘይት አለ። በደቂቃ ከምንረጨው 5 ሚሊ ሊትር አንድ አምስተኛው ደቅቆ ቢንሳፈፍና በሩ በዝናብ ምክንያት ተዘግቶ ቢሆን፣ ገደቡ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይታለፋል። ውሃው ቢተንም ዘይቱ በአየሩ ውስጥ ይቀራል።

ይህ ስሌት መሣሪያው አይሠራ ለማለት አይደለም። ሊሠራ የሚችልበትን መንገድ ግን በግልጽ ያሳያል፤ ግፊቱ ዝቅ ይበል፣ ጠብታው ይተልቅ፣ አፍንጫው ይቅረብ፣ በርና መስኮት ይከፈት። ጠብታው ምን ያህል እንደደቀቀ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሲመሽ መብራት አጥፍቶ በካፊያው ላይ ከጎን የእጅ ባትሪ ማብራት ይበቃል። በብርሃኑ ውስጥ እንደ ጭስ የሚንሳፈፍ ደመና ከታየ ደቅቋል ማለት ነው፤ ግፊቱ ይቀነስ። በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተያዘ ወረቀት ላይ በዓይን የሚለዩ ነጠብጣቦች ካረፉ ደግሞ መልካም ነው።

የፈሳሹ ንጽሕናም የጤና ጉዳይ ነው። ዘይትና ውሃ በተቀላቀሉበት ቦታ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ፤ የሸተተ ፈሳሽ መርጨት ማለት እነርሱን መተንፈስ ነው። ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መበጥበጥና ጠርሙሱን በየቀኑ ማጠብ ይገባል። በዚህ ረገድ ካፊያው ከጎርፉ ይልቅ አንድ ብልጫ አለው፤ የሚደፋ ገንዳ ሙሉ የተበላሸ ዘይት አይኖርም። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። በጓሮ የተደፋ የመቁረጫ ዘይት ደግሞ በጅረቶች አማካይነት ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳልና ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የማይረዳባቸው ሥራዎች

ካፊያ ለሁሉም ሥራ መድኃኒት አይደለም። ጥልቅ ቀዳዳ በትራፓኖ ሲበሳ ጠብታው ከሥሩ አይደርስም፤ ለዚያ ብዙ ፈሳሽ ይሻላል። ጊሳ ብረት በውስጡ ባለው ግራፋይት ራሱን ስለሚያለሰልስ በደረቁ ይቆረጣል፤ ዱቄቱ ከውሃ ጋር ሲገናኝ እንደ ጭቃ ሆኖ አልጋውን ይበላል። በፍሬዛ ላይ የሚሠራ የካርባይድ ጥርስም ብረቱን በየዙሩ ገብቶ ስለሚወጣ፣ በየመካከሉ የሚያገኘው ድንገተኛ ቅዝቃዜ ሊሰነጥቀው ይችላል። ማግኒዚየም ያለበት ብረት ላይ ውሃ መርጨት ደግሞ እሳት ማስነሣት ነው።

ለተማሪዎች የቀረበ ሙከራ

በቶርኖ ላይ ከመሄዳችሁ በፊት መሣሪያውን በቤተ ሙከራ መለካት ትችላላችሁ። ግማሽ ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ውስጥ ትንሽ ቀዳዳ ብሱና የመልቲሜትር ሙቀት መለኪያ አስገቡበት። ከ200 ዲግሪ በላይ አሙቁትና ከ200 ወደ 120 ለመውረድ የሚፈጅበትን ጊዜ አራት ጊዜ ለኩ፦ በረጋ አየር፣ በአየር ምት ብቻ፣ በደቂቃ 5 ሚሊ ሊትር በሚንጠባጠብ ንጹሕ ውሃ፣ በመጨረሻም በዚያው መጠን በሚያካፋ ንጹሕ ውሃ። የዓይን መከላከያ አድርጉ፤ ብረቱን በጉጠት ያዙ፤ የአየሩን ምት ወደ ሰው ሰውነት አታዙሩ።

በዚህ የሙቀት ልዩነት ውስጥ ብረቱ የሚያጣው ጉልበት 18,000 ጁል ያህል ነው። ውሃው ሁሉ ብረቱን ነክቶ ቢተንና ሌላ የሙቀት መውጫ ባይኖር፣ ሥራው 84 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ከካፊያው ውጤት የአየሩን ድርሻ ቀንሳችሁ ከዚህ ቁጥር ጋር ስታነጻጽሩ፣ ከመቶ ጠብታ ስንቱ በእውነት ሥራውን እንደሠራ ታገኛላችሁ። ከዚያም ግፊቱን ከ0.3 ወደ 0.6፣ ወደ 1 ባር እያሳደጋችሁ ሙከራውን ድገሙት፤ በእያንዳንዱም ላይ የባትሪውን ፍተሻ አድርጉ። የቅዝቃዜው መሻሻል የሚቆምበትና ጉሙ መብዛት የሚጀምርበት ግፊት ለአፍንጫችሁ ትክክለኛው ወሰን ነው። ያንን ቁጥር በግፊት መቆጣጠሪያው ላይ በቀይ ቀለም አስምሩበት።